ቼስተር ካርልሰንና ደረቁ ጽሕፈት

የታላላቅ ሰዎች ታሪክ ሲነገር ብዙውን ጊዜ የሚነሡት ጦር የመሩ፣ መንግሥት ያቆሙ፣ ባሕር ተሻግረው አዲስ አገር ያገኙ ናቸው። በየዕለቱ በእጃችን የምንነካውን ዕቃ ያስገኘልን ሰው ግን ስሙ እንኳ አይታወቅም። በፈተና ሰሞን በፎቶ ኮፒ ቤት ደጃፍ ተሰልፈን የምንጠብቅ ተማሪዎች፣ አንዲት ገጽ በጥቂት ሴኮንድ ተባዝታ ስትወጣ እያየን፣ ይህን ነገር መጀመሪያ ያሰበው ማን ይሆን ብለን የጠየቅን ስንቶቻችን ነን? ሰውየው ቼስተር ካርልሰን ይባላል። ታሪኩን ለመጽሔታችን አንባቢዎች ለማቅረብ የፈለግነው ሊቅነቱን ለማድነቅ ብቻ አይደለም። እርሱም እንደኛ ተማሪ፣ ያውም መጽሐፍ መግዣ ያጣ ተማሪ ስለ ነበረ፤ መኪናውም ከዚያ እጦት ስለ ተወለደ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ካርልሰን በ1906 በአሜሪካ በሲያትል ከተማ ተወለደ። አባቱ ፀጉር አስተካካይ ነበር፤ ነገር ግን የሳንባ ነቀርሳና አከርካሪውን የያዘው የመገጣጠሚያ በሽታ ከሥራ አስወጡት። ቤተሰቡ ኑሮ ፍለጋ ከቦታ ወደ ቦታ ሲዛወር ኖረ። በ1910 ወደ ሜክሲኮ ተሻግሮ ለሰባት ወር ያህል ተቀመጠ፤ እናቲቱ በዚያ በወባ ታመመች፤ ተስፋ የተደረገውም እርሻ ሳይሆን ቀረ። ከዚያ ተመልሰው በካሊፎርኒያ ተቀመጡ። ልጁ ቼስተር በስምንት ዓመቱ ሥራ ጀመረ። በአሥራ ሦስት ዓመቱ ከትምህርት በፊት ሁለት ሦስት ሰዓት ሠርቶ ወደ ክፍል ይገባ፣ ከትምህርት በኋላም ወደ ሥራው ይመለስ ነበር። ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስ የቤቱ ዋና ደጋፊ እርሱ ሆነ። በአሥራ ሰባት ዓመቱ እናቱ በሳንባ ነቀርሳ ሞተችበት።

ከመጫወቻዎቹ ሁሉ አስበልጦ የሚወደው ፊደል ማተሚያ ማኅተሞችን ነበር፤ በ1916 የገና በዓልም የልጆች የጽሕፈት መኪና ተሰጠው። በአሥር ዓመቱ ይህና ያ የሚል ስም አውጥቶላት አንዲት ትንሽ ጋዜጣ እያዘጋጀ በጓደኞቹ መካከል ያዘዋውር ነበር። ከፍ ሲልም በአንድ ማተሚያ ቤት ሲሠራ፣ ሊጣል የተዘጋጀ አሮጌ ማተሚያ በጉልበቱ ዋጋ አገኘና ኬሚስትሪ ለሚወዱ ሰዎች የምትሆን መጽሔት ማሳተም ጀመረ። መጽሔቲቱ ከሁለት እትም አላለፈችም። ይሁን እንጂ ፊደል አንድ በአንድ መልቀም፣ መስመር ማስተካከል፣ ቀለም መቀባት ምን ያህል እንደሚያደክም ገባው። እኛም ስቴንስል እየመታን፣ ማባዣ እያዞርን፣ በቀለም የጨቀየ እጃችንን እያሸን ይህችን መጽሔት የምናወጣ ስለ ሆንን የልጁ ድካም አይጠፋንም።

ድህነቱ ከትምህርት አላገደውም። መጀመሪያ በሪቨርሳይድ ጁኒየር ኮሌጅ ገብቶ ሥራና ትምህርት እያፈራረቀ ቆየ፤ ኬሚስትሪ ጀምሮ ወደ ፊዚክስ ተዛወረ። ቀጥሎም ካልቴክ ተብሎ ወደሚታወቀው የካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም ገባ። የዓመቱ ክፍያ 260 ዶላር ነበር፤ ይህም ከገቢው ሁሉ ይበልጥ ነበር። ቅዳሜና እሑድ የሰው ግቢ ሣር እያጨደ፣ በረጅሙ ዕረፍት በሲሚንቶ ፋብሪካ እየሠራ በ1930 በፊዚክስ ተመረቀ። ከዲግሪው ጋር ይዞት የወጣው የ1,500 ዶላር ዕዳ ነው። ዘመኑ ታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት የጀመረበት ነበር። ለ82 ኩባንያዎች የሥራ ማመልከቻ ጻፈ፤ አንዱም ሥራ አልሰጠውም።

ከብዙ ፍለጋ በኋላ ኒው ዮርክ ባለው የቤል ስልክ ቤተ ሙከራ በሳምንት 35 ዶላር ተቀጠረ፤ ከአንድ ዓመት በኋላም ወደ ፓተንት ክፍል ተዛወረ። ፓተንት ማለት አንድ ሰው የፈለሰፈው ነገር የራሱ መሆኑን መንግሥት የሚያረጋግጥበት ሰነድ ነው። በ1933 ከሥራው ተሰናበተ። ውሎ አድሮ ግን ማሎሪ በተባለ የኤሌክትሪክ ዕቃ ኩባንያ በዚያው ሙያ ገባና የክፍሉ ኃላፊ ለመሆን በቃ። ችግሩን የተገናኘው በዚህ ሥራ ላይ ነው። የፓተንት ጽሑፍ በብዙ ቅጂ ይፈለጋል። ቅጂ የሚገኝበትም መንገድ ሁለት ነበር። ወይ ጽሑፉ በካርቦን ወረቀት እንደገና በጽሕፈት መኪና ይመታል፤ ያን ጊዜ ስሕተት እንዳይገባ ቃል በቃል ማመሳከር ያስፈልጋል። ወይም ወደ ፎቶግራፍ ቤት ተልኮ በብዙ ገንዘብና በብዙ ጊዜ ይነሣል። ሥዕል ያለበት ሰነድ ከሆነማ በጽሕፈት መኪና ሊባዛ ከቶ አይችልም።

በ1936 በኒው ዮርክ የሕግ ትምህርት ቤት የማታ ተማሪ ሆነ። የሕግ መጻሕፍት ውድ ነበሩ፤ ሊገዛቸው አልቻለም። ስለዚህ በኒው ዮርክ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት እየተቀመጠ ረጃጅም ገጾችን በእጁ ይገለብጥ ነበር። ጣቶቹ ይደነዝዛሉ፤ አባቱን ያሠቃየው የመገጣጠሚያ በሽታ እርሱንም ጀምሮት ነበር። በብራና ላይ ሲጽፉ የኖሩት የአገራችን ቁም ጸሐፊዎች አንድ መጽሐፍ ገልብጠው ለመጨረስ ወራት ይፈጅባቸው እንደ ነበር እናውቃለንና ይህ ድካም ለእኛ እንግዳ አይደለም። ካርልሰን ግን እጁ ሲገለብጥ አሳቡ በሌላ ነገር ላይ ነበር። በማንኛውም ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ፣ ወረቀት ሲሰጡት በደቂቃ ውስጥ መሳዩን የሚያወጣ መኪና እንዴት ሊሠራ እንደሚችል ያወጣ ያወርድ ነበር።

በዚያው ቤተ መጻሕፍት ስለ ጉዳዩ የተጻፈውን ማንበብ ጀመረ። የፎቶግራፍን ኬሚካል ታላላቅ ኩባንያዎች ሲመራመሩበት ስለ ኖሩ በዚያ መንገድ ሊቀድማቸው እንደማይችል አሰበ። ስለዚህ ፊቱን ወደ ኤሌክትሪክ መለሰ። አንዳንድ ነገሮች በጨለማ ሳሉ ኤሌክትሪክ አያስተላልፉም፤ ብርሃን ሲነካቸው ግን ያስተላልፋሉ። የሃንጋሪው የፊዚክስ ሊቅ ፓል ሼሌኒ በኤሌክትሪክ ሙልና በዱቄት ምስል ስለ መሥራት የጻፈውን ሲያነብ ነገሩ ተገጣጠመለት። ኦክቶበር 18 ቀን 1937 የመጀመሪያውን የፓተንት ማመልከቻ አስገባ።

አሳቡ በወረቀት ላይ አምሮ ታየ፤ በሥራ ላይ ግን አስቸገረ። ካርልሰን ሙከራውን የጀመረው በመኖሪያ ቤቱ ወጥ ቤት ውስጥ ነው። በምድጃ ላይ ድኝ እያቀለጠ የብረት ሳህን ሲለብጥ ቤቱ የተበላሸ ዕንቁላል ይሸት ነበር፤ ባለቤቱም መማረሯ አልቀረም። በመጨረሻ ኒው ዮርክ ውስጥ አስቶሪያ በሚባል ሰፈር አንዲት ጠባብ ክፍል ያዘ፤ ከአውስትሪያ ተሰዶ የመጣ ኦቶ ኮርናይ የተባለ የፊዚክስ ባለሙያም ረዳት አድርጎ ቀጠረ። ኦክቶበር 22 ቀን 1938 ኮርናይ በአንድ የማይክሮስኮፕ መስታወት ላይ የዕለቱን ቀንና የሰፈሩን ስም በጥቁር ቀለም ጻፈ። ድኝ የተለበጠውን የዚንክ ሳህን በመሐረብ ፈትገው ኤሌክትሪክ ሞሉት። መስታወቱን በላዩ አድርገው ለጥቂት ሴኮንድ በብርቱ አምፖል አበሩበት። መስታወቱን አንሥተው ሊኮፖዲየም የተባለ የዕፅ ዱቄት ነሰነሱበትና ትርፉን እፍ አሉት። በሳህኑ ላይ ጽሑፉ ቁልጭ ብሎ ቀረ። ዱቄቱን ሰም በተቀባ ወረቀት አነሡት፤ ወረቀቱን አሞቁት፤ ጽሑፉ በወረቀቱ ላይ ተጣበቀ። የደረቁ ጽሕፈት የመጀመሪያው ቅጂ ይህ ነው።

ከዚህ በኋላ ዓለም ወዲያው ያጨበጨበለት የሚመስለን ካለን ተሳስተናል። ኮርናይ ነገሩ የትም የሚደርስ ስላልመሰለው ሌላ ሥራ ይዞ ሄደ። ካርልሰን ከ1939 እስከ 1944 ድረስ ከሃያ በሚበልጡ ኩባንያዎች ደጅ ጠና፤ ከነዚያም መካከል አይ ቢ ኤም፣ ጄኔራል ኤሌክትሪክ፣ አር ሲ ኤና ኮዳክ ይገኙ ነበር። ሁሉም መለሱት። ካርቦን ወረቀት በሳንቲም እየተገዛ ሳለ ለቅጂ ሲባል መኪና የሚገዛ ሰው ይኖራል ብሎ የሚያስብ አልነበረም። በኛ አስተያየት የምክንያቱ ሥር ሌላ ነው። በነዚያ ቢሮዎች ውሳኔ የሚሰጡት ሰዎች የሚገለብጥላቸው ሠራተኛ ነበራቸው። የመገልበጥ ሕመም በእጃቸው ላይ አልነበረም። ካርልሰን ግን ሕመሙን ያውቀው ነበርና አልተወውም። በ1939 ሕጉን ጨርሶ ተመረቀ፤ በ1942ም ዋናው ፓተንት ተሰጠው።

በ1944 በኦሃዮ የሚገኘው ባትል የተባለ የምርምር ተቋም ነገሩን ሊሠራበት ተስማማ። የተቋሙ ተመራማሪዎች ድኙን ትተው ሴሌኒየም የተባለውን ንጥረ ነገር ቢሞክሩ ለብርሃን እጅግ የነቃ ሆኖ አገኙት። በሮቸስተር ከተማ የነበረ ሃሎይድ የሚባል አነስተኛ የፎቶግራፍ ወረቀት ኩባንያም ከነሱ ጋር ተዋዋለ፤ መሪው ጆሴፍ ዊልሰን ይባል ነበር። ለሥራው ስም ሲፈለግ ከግሪክ ቃል ተወስዶ ዜሮግራፊ ተባለ፤ ደረቅ ጽሕፈት ማለት ነው። በአስቶሪያ ሙከራው በተሳካ በአሥረኛ ዓመቱ፣ በዚያው ዕለት፣ ኦክቶበር 22 ቀን 1948 ፈጠራው ለሕዝብ ታየ። በ1949 ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያ መኪና ግን ሁሉም ነገር በእጅ የሚደረግበት፣ ብዙ ልምምድ የሚጠይቅ ስለ ነበረ ለቢሮ ሥራ አልተወደደም።

ዊልሰንና ካርልሰን ተስፋ አልቆረጡም። በ1959 ዜሮክስ 914 የተባለው መኪና በኒው ዮርክ ታየ፤ በ1960ም ለደንበኞች መላክ ጀመረ። ስሙ የተገኘው እስከ 9 በ14 ኢንች የሆነ ወረቀት ስለሚቀበል ነው። ክብደቱ 294 ኪሎ ያህል ነበር። ልዩ የሚያደርገው ግን ተራ ወረቀት መቀበሉና አንድ ቁልፍ መጫን ብቻ መጠየቁ ነው። ኩባንያው መኪናውን በወር 95 ዶላር እያከራየ በውስጡ 2,000 ቅጂ ይፈቅድ ነበር። ቢሮዎች ተሻሙበት፤ ሃሎይድም በ1961 ስሙን ለውጦ ዜሮክስ ተባለ።

ዛሬ በየቢሮው ያለው ኮፒ ማሽን በሌዘር የሚሠራ፣ ፋክስንም ማተሚያንም አንድ ላይ የያዘ ቢሆንም፣ ልቡ ያው የአስቶሪያው ሳህን ነው። በሳህኑ ፋንታ ድራም የሚባል ጥቅልል አለ። ድራሙ በጨለማ ኤሌክትሪክ ይሞላል፤ ብርሃን ያረፈበት ቦታ ሙሉን ያጣል፤ ቶነር የሚባለው የቀለም ዱቄት ምስሉ ባለበት ይጣበቃል፤ ከዚያ ወደ ወረቀቱ ይዛወራል፤ በመጨረሻም በሙቀት ይቀልጥና ከወረቀቱ ጋር ይዋሐዳል። ከኛ መካከል ነገ በመሥሪያ ቤት ወይም በማኅበር ጽሕፈት ቤት ይህን መኪና ተረክቦ የሚያቆም አይጠፋምና፣ ደንቡን ከምክንያቱ ጋር ብናስቀምጥ ይጠቅማል።

መኪናው ጠንካራና ደልዳላ ጠረጴዛ ላይ፣ ከፀሐይ፣ ከአቧራና ከእርጥበት ርቆ ይቀመጥ፤ ሙቀቱ እንዲወጣም ከግድግዳው ጥቂት ይራቅ። መብራት በሚዋዥቅበት ቦታ ስታቢላይዘር ይደረግለት። ከካርቶኑ ሲወጣ ለጉዞ ተብሎ ውስጡ የተለጠፈው ፕላስተር ሁሉ ተለቅሞ ይነሣ፤ ይህ ተረስቶ መኪናው አልሠራም የሚባልበት ጊዜ ብዙ ነው። ቶነሩ ከመግባቱ በፊት ዱቄቱ እንዲስተካከል ወደ ጎን ቀስ ተደርጎ ይነቅነቅ። ድራሙ ብርሃን እንዲሰማው ሆኖ የተሠራ ስለ ሆነ በብርሃን ላይ አይቆይ፤ በጣትም አይነካ። ወረቀቱ ደረቅ ይሁን፤ እርጥበት ያገኘው ወረቀት ሙል ስለማይዝ ቅጂው ይፈዛል፤ መኪናውም ውስጥ ይጨማደዳል። ወረቀት ወደ መሳቢያው ከመግባቱ በፊት ጫፉ ተራግፎ አየር ይግባበት፤ ከተመለከተው ልክም አይብለጥ።

የሚገለበጠው ገጽ ፊቱን ወደ መስታወቱ ተደፍቶ ከምልክቱ ጋር ይገጠም። በላይ በኩል በራሱ በሚስበው ክፍል የሚገባ ከሆነ ስፒልና ሽቦው ሁሉ አስቀድሞ ይነቀል። በቅጂው ላይ ቀጥ ያለ ጥቁር መስመር ከወጣ ብዙውን ጊዜ በጠባቡ መስታወት ላይ ያለች አንዲት ቆሻሻ ናት፤ በለስላሳ ጨርቅ ትወልወል። ወረቀት ከያዘ መኪናው ይጥፋ፤ ወረቀቱም እንዳይቀደድ በሁለት እጅ ቀስ ተብሎ ይሳብ፤ ማሞቂያው ክፍል ያቃጥላልና እጅ አይግባበት። ቶነር በልብስ ላይ ቢፈስ በደረቁ ተራግፎ በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠብ። ሙቅ ውሃ ያነካ ሰው ካርልሰን ሰም በተቀባው ወረቀት ላይ ያደረገውን በሸሚዙ ላይ ደገመው ማለት ነው።

ፋክስ ደግሞ ቅጂውን በሽቦ የሚልክ ነው። አሳቡ ከካርልሰን በጣም ይቀድማል፤ የስኮትላንዱ ሰዓት ሠሪ አሌክሳንደር ቤን በ1843 ፓተንት አውጥቶበት ነበር። ይሁንና ዜሮክስ በ1966 ያቀረበው በማንኛውም ስልክ የሚሠራ መኪና፣ አንዱን ገጽ ስድስት ደቂቃ ያህል እየፈጀም ቢሆን፣ ፋክስን ለተራው ቢሮ አቀረበው። ዛሬ ኢሜይል ሥራውን ቢቀማውም ጨርሶ አልጠፋም። ሲተከል ከግድግዳ የመጣው ስልክ መስመር ተብሎ በተጻፈበት ቀዳዳ፣ የስልኩ ቀፎ በሌላው ይሰካ። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የመሥሪያ ቤቱ ስምና ቁጥር ይሞላ፤ በተቀባዩ ወረቀት ራስጌ ላይ የሚታተመው ይህ ነውና። ቁጥሩ ከመላኩ በፊት ሁለት ጊዜ ይነበብ፤ አንዲት አኃዝ ብትሳሳት የመሥሪያ ቤቱ ምስጢር በማይገባው ሰው ጠረጴዛ ላይ ያርፋል። መድረሱን የሚገልጸው ማረጋገጫ ሳይወጣም ሰነዱ አይነሣ።

ወደ ካርልሰን እንመለስ። ከመኪናው ያገኘው ሀብት 150 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንደ ደረሰ ይነገራል። ሰውየው ግን ኑሮውን አልለወጠም። ከዚህ ገንዘብ 100 ሚሊዮን የሚሆነውን ለትምህርት፣ ለምርምር፣ ለሰላምና ለጥቁሮች የእኩልነት መብት ለሚታገሉ ማኅበራት ሰጠ፤ አብዛኛውንም ስሙ እንዳይነሣ እያደረገ ነበር። ተስፋ ቆርጦ የሄደውን ኮርናይን እንኳ አልረሳውም፤ ከኩባንያው መቶ አክሲዮን ሰጠው። ሀብቱን ሁሉ በትኖ ደኻ ሆኖ መሞት ይመኝ እንደ ነበር ተጽፏል። ሴፕቴምበር 19 ቀን 1968 በኒው ዮርክ ሲኒማ ቤት ተቀምጦ ሳለ በልብ ድካም አረፈ። ዕድሜው 62 ነበር።

ጓደኞቻችን ሆይ፣ ከዚህ ሕይወት ሁለት ነገር እንወስዳለን። የመጀመሪያው እጦትን ስለ መመልከት ነው። መጽሐፍ ያጡ ተማሪዎች በካርልሰን ዘመን ብዙ ነበሩ፤ ዛሬም ብዙ ነን። አብዛኞቻችን እጦታችንን እናማርራለን፤ እርሱ ግን መረመረው። ማስታወሻ ደብተር ይይዝ ነበር፤ ከ400 በላይ አዳዲስ አሳቦች ጽፎበታል። ከነዚያ ሁሉ ዓለምን የለወጠው ይህ አንዱ ነው። ደብተር መያዝ ደግሞ ዶላርም ቤተ ሙከራም አይጠይቅም።

ሁለተኛው ስለ አጠቃቀማችን ነው። ካርልሰን አንድን ገጽ በእጁ ሲገለብጥ ገጹ በአእምሮው ውስጥ ያልፍ ነበር። እኛ ግን መቶ ገጽ በአሥር ደቂቃ አስገልብጠን፣ ጠርዘን፣ ከአልጋችን ሥር አስቀምጠን ያነበብነው ይመስለናል። መኪናው ከእጃችን ላይ ድካምን አነሣ እንጂ ከራሳችን ላይ ማሰብን አላነሣም። የተረፈልንን ሰዓት ለንባብ ካላዋልነው፣ ያ ምስኪን የማታ ተማሪ ጣቱ እስኪደነዝዝ ሠርቶ ያተረፈልንን ጊዜ በከንቱ በላነው ማለት ነው። አንድ ቅጂ ያለው ደግሞ ለሌለው ያካፍል። መኪናው የተሠራው አንዱ ያገኘውን ሌላው እንዳያጣ ነውና።